በሙቀት ወራት እሳትን መቆጠብ



ቁጠባ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ገንዘብ ነው። የጤፉ ዋጋ፣ የዘይቱ ዋጋ፣ የሽንኩርቱ ዋጋ እየተነሣ ይወራል። ዳሩ ግን በቆላ ከተማ ለምንኖር ሰዎች ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚወጣ ሌላ ወጪ አለ፤ ይኸውም እሳት ነው። እሳት ከሰል ይበላል፤ ቤቱን ያሞቃል፤ ከሁሉም በላይ አጠገቡ የሚቀመጠውን ሰው ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ጥያቄ፣ የቤተሰቡ ምግብ ሳይጓደል በሙቀት ወራት እሳቱን እንዴት መቀነስ ይቻላል የሚል ነው።

ሀ. የከተማችን ጠባይና የወጥ ቤታችን ልማድ

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከምትገኘው ከጎረቤታችን ከሐረር ጋር እንኳ አየሯ አይመሳሰልም። በደጋ የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሰኔ ጋቢ ሲደርቡ፣ እኛ ዘንድ ግንቦትና ሰኔ የዓመቱ ከባድ የሙቀት ወራት ናቸው። ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው።

የብዙዎቻችን የወጥ አሠራር ግን ከወላጆቻችን ጋር ከደጋ የወረደ ነው። ሽንኩርቱን አብዝቶ ማቁላላት፣ ወጡን በዝግታ ማንተክተክ፣ ምድጃውን ከጠዋት እስከ ማታ አለማጥፋት በብርድ አገር ትርጉም አለው፤ እሳቱ ወጡንም ይሠራል፣ ቤቱንም ያሞቃል። በእኛ ከተማ ግን ሁለተኛው ጥቅም ወደ ጉዳት ይለወጣል። ያው ወጥ፣ ያው ከሰል፣ ያው ሰዓት ሆኖ ሳለ ቤተሰቡ በተጨማሪ ሙቀት ይቀጣል። እንግዲህ ልማዱን መመርመር አባቶችንና እናቶችን መናቅ አይደለም፤ እነርሱም ቢሆኑ ያን ልማድ ያበጁት የሚኖሩበትን አገር አየር አይተው ነው።

ለ. ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳናልፈው በጥቂቱ እንቆይበት። በአብዛኛው ቤት እሳት ዳር የምትቀመጠው እናት ናት፤ እርሷ ከሌለች እኅት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። እኛ ወንዶች ልጆች ከጥላ ሥር ሆነን «ሙቀቱ በዛ» ስንል፣ እርሷ በዚያው ሰዓት ከምጣድ ፊት ናት። በሙቀት ላይ የእሳት ሙቀት ሲጨመር ሰውነት ውሃና ጨው በላብ ያጣል፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ድካም ይከተላል። የማገዶ ጢስም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ቆጣቢ መሆኑን የምንለካው ያወጣውን ብር ብቻ በመቁጠር መሆን የለበትም። «እናታችን በሳምንት ስንት ሰዓት እሳት ዳር ተቀመጠች?» ብለን ብንጠይቅ ትክክለኛው ሂሳብ ይገኛል። የልጆችን ምግብ አሳንሶ ገንዘብ ማትረፍም ቁጠባ ሊባል አይገባውም። ቁጠባ ማለት የሚባክነውን መቀነስ እንጂ የሚያስፈልገውን መንሣት አይደለም።

ሐ. ያለ እሳት ወይም በጥቂት እሳት የሚሠሩ ምግቦች

ለዚህ ጉዳይ አዲስ ነገር ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። የሐዋርያት ጾም ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 5 ድረስ ስለሚዘልቅ ከእኛ የሙቀት ወራት ጋር ይገጥማል፤ የጾም ምግቦቻችንም ብዙዎቹ ቀዝቅዘው የሚበሉ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን እንጥቀስ።

1. በሶ። ገብሱ አንድ ቀን ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ ለብዙ ሳምንት እሳት አይፈልግም። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ጨው ወይም ማር ጨምሮ መምታት ብቻ ነው። ለተማሪ ቁርስ ይበቃል።

2. ተልባ። አንድ ብርጭቆ ተልባ እስኪንጣጣ ድረስ ለብ ለብ አድርጎ ቆልቶ፣ ወቅጦ ወይም ፈጭቶ መንፋት። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃና በጨው በጥብጦ እንጀራ መፈትፈት። የሚወድ ሚጥሚጣ ይጨምርበታል።

3. የሱፍ ፍትፍት። ሱፉ በጥቂቱ ተቆልቶ ይወቀጣል፤ በውሃ ታሽቶ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ይወጣዋል። በዚህ ላይ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ጨውና እንጀራ ይገባበታል።

4. የቲማቲም ፍትፍት። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፎ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ዘይትና ጨው ጨምሮ ከእንጀራ ጋር ማዋሐድ። ከሰል የሚባል አይነካም።

5. አዚፋ። ለአምስት ሰው ሁለት ብርጭቆ ድፍን ምስር ቀቅሎ፣ ውሃውን አጥልሎ ማቀዝቀዝ። ግማሹን ፈጨት አድርጎ አንድ ሽንኩርት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቃሪያ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይትና ጨው መጨመር። እሳቱ የሚያስፈልገው ምስሩ እስኪበስል ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ምስርም ከጥራጥሬ ሁሉ ቶሎ ከሚበስሉት አንዱ ነው።

6. ስልጆ። የባቄላው ዱቄት ከሱፍ ውሃ ጋር አንድ ጊዜ ከተገነፋ በኋላ ሰናፍጭ ገብቶበት ለጥቂት ቀናት ይብላላል። ከዚያ ወዲያ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ማውጣት ነው።

ለመጠጥም ቢሆን ሁመርን የሚያህል የለም። አንድ እፍኝ ሁመር በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፎ፣ አሽቶና አጥልሎ፣ ስኳር ወይም ማር ጨምሮ መጠጣት ጥማት ይቆርጣል። የፍስክ ቀን ሲሆን ደግሞ እንጀራ በእርጎ መፈትፈት ወይም አይብ በጎመን መብላት ይቻላል።

መ. የተለኮሰውን እሳት በሚገባ መጠቀም

እሳትን ፈጽሞ መተው አይቻልም። እንጀራ መጋገር አለበት፤ ከቤት ማገዶ ሁሉ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደውም እርሱ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ጋገራው ከንጋት በፊት ይሁን። ፀሐይ ሳትበረታ ካለቀ ቤቱ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። በሙቀት ሊጥ ቶሎ ስለሚቦካ እርሾውን መቀነስ ይገባል፤ አለዚያ እንጀራው ይኮመጥጣል። እንጀራም በሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት ለሳምንት የሚሆነውን በአንድ ቀን ከመጋገር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጋገር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የመጨረሻው እንጀራ ሲወጣ ምጣዱ እንደጋለ ነው። ያ ግለት ዝም ብሎ እንዳይጠፋ የበሶውን ገብስ፣ ተልባውን ወይም ሽምብራውን ወዲያው መቁላት ነው። ለቆሎ ሌላ እሳት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፈው ቢያድሩ በጠዋት የሚበስሉበት ሰዓት ያጥራል። ድስቱን መክደንም ትልቅ ቁጠባ ነው።

አራተኛ፣ ምስር ወይም ሩዝ ዐሥር ደቂቃ ያህል በደንብ ከፈላ በኋላ፣ ድስቱን እንደተከደነ ከእሳት አውጥቶ በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከአንድ ሰዓት በላይ ማቆየት ይቻላል። ሙቀቱ ስለማይወጣ ምግቡ በራሱ ግለት መብሰሉን ይቀጥላል። በሣጥን ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠው ጋቢያችን በድሬዳዋም ሥራ ያገኛል ማለት ነው። ነገር ግን ጥቅልሉ እንደተፈታ ምግቡ ገና ትኩስ ሳለ ይበላ፤ ለብ ብሎ እንዲውል አይተው።

ሠ. ፀሐይንና ነፋስን ማሠራት

ሙቀቱ ጠላት ብቻ አይደለም። የተረፈ እንጀራ ሳይሻግት ቆራርሶ በንጹሕ ሰፌድ ላይ በፀሐይ ማድረቅ ነው፤ ድርቆሽ ይሆናል። በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ይቆያል። በቲማቲምና በቃሪያ ውሃ ሲረጥብ ያለ እሳት ምሳ ይሆናል። በወንጌል እንደምናነበው፣ አምስቱ ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ እንኳ ፍርፋሪው እንዳይጠፋ ተሰብስቧል፤ በተትረፈረፈ ጊዜም መሰብሰብ እንደሚገባ ከዚህ እንማራለን።

ውሃም ያለ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። በእንስራ ወይም በገንቦ የተቀመጠ ውሃ በሸክላው ቀዳዳዎች በጥቂቱ ወደ ውጭ ይወዛል፤ የወዛው ውሃ ወደ ተን ሲለወጥ ከእንስራው ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ እንስራው ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ይቀመጥ እንጂ በጓዳ ጥግ አይታፈን። በዚሁ መንገድ መሐመድ ባህ አባ የተባሉ የናይጄሪያ መምህር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጠው፣ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ በመሙላት አትክልት ማቆያ አስፋፍተዋል። ለዚህም ሥራቸው በ2000 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የሮሌክስ ሽልማት አግኝተዋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ወቅት ቲማቲምና ቃሪያ እንዳይበላሹ ይህን ማንም ወጣት በቤቱ ሊሠራው ይችላል። አሸዋውን በየቀኑ ጠዋትና ማታ ማርጠብ ብቻ ነው።

ረ. በቁጠባ ስም የማይነኩ ነገሮች

ያለ እሳት የተሠራ ምግብ ጀርም የሚገድል እሳት አላገኘም። ስለዚህ ለበሶ፣ ለተልባና ለሱፍ የሚሆነው ውሃ ማታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ ማከሚያ የታከመ ይሁን። ቲማቲሙና ቃሪያው በዚሁ ውሃ ይታጠብ። ይህ እሳት የማይቆጠብ እሳት ነው። በአንድ ሕፃን ተቅማጥ የሚወጣው ወጪ የዓመት ከሰል ቁጠባን ሊያጠፋ ይችላል፤ ልጁ ቢጎዳም በገንዘብ አይተካም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የምግብ ንጽሕና መመሪያ፣ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። በእኛ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ማሳጠር ይሻላል። እንግዲህ ፍሪጅ የሌለው ቤት ወጥና ንፍሮ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ይሥራ። ሽታው የተለወጠን ምግብ «ይባክናል» ብሎ መብላት ቁጠባ አይደለም።

ከሰልም በተዘጋ ክፍል አይቀጣጠል፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ስላለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። አረጋውያንና ሕፃናት ጥማታቸውን ሳይናገሩ ሊጎዱ ስለሚችሉ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይቅረብላቸው። የሚያጠባ፣ የታመመ ወይም ያረጀ ሰው በሙቀት ስለ መጾም ከንስሐ አባቱና ከሐኪም ጋር ይመካከር።

ሰ. ሥራውን መከፋፈል

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ከተጫነ ትርጉም የለውም። ሽንኩርት መክተፍ፣ ሎሚ መጭመቅ፣ በሶ መምታት፣ ሱፍ ወቅጦ ማጥለል፣ እንስራ መሙላት፣ ድርቆሽ ማገላበጥ የማን ሥራ ነው? እሳት የሌለበት ምግብ ለመሥራት የብዙ ዓመት ልምድ አይጠይቅም። የ12 ዓመት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የቲማቲም ፍትፍት ሠርቶ ለቤተሰቡ ማቅረብ ይችላል።

እንግዲህ እንዲህ ብናደርግስ? በሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ረቡዕና ዓርብ፣ ምሳውን እኛ ልጆች ያለ እሳት እናዘጋጅ፤ እናታችን በዚያ ሰዓት ከጥላ ሥር ትቀመጥ። በእነዚያ ቀናት ያልተቃጠለውን የከሰል ዋጋ በአንድ ጣሳ እናጠራቅም። በወሩ መጨረሻ ጣሳው ሲከፈት ከፊሉ ለቤቱ ይሁን፤ ከፊሉም በየሰፈራችን ምድጃው ከጦም አዳሪነት የተነሣ ለጠፋበት ጎረቤት ይድረስ። እሳትን በፈቃዱ የሚያጠፋ ሰው፣ ሳይወድ የጠፋበትን ሰው ማሰብ ይገባዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በአንድ ቀን እሳት ስንት ጊዜ ይለኮሳል? ከእነዚህ መካከል ሊቀር የሚችለው የትኛው ነው?

2. በዚህ ትምህርት የማይቆጠብ እሳት የተባለው የቱ ነው? ለምን?

3. እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው? ከግድግዳ ተጠግቶ ነፋስ ቢያጣ ምን ይሆናል?

4. በሚመጣው ረቡዕ ምሳ የሚያዘጋጀው ማን ነው? ለሚቀጥለው ጉባኤ የሠራችሁትን ይዛችሁ ኑና ተነጋገሩበት።