በውሃ ውስጥ ያለ መርዝ እንዴት ይታወቃል?

ውሃ ማፍላትና ክሎሪን መጨመር ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞችን እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን። የእርሻ ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም መድኃኒት ግን ሕይወት የለውምና አይሞትም። እንዲያውም ውሃው ፈልቶ ሲተን መርዙ በቀረው ውስጥ ሊጠነክር ይችላል። በዓይን አይታይም፤ ብዙ ጊዜም ሽታ የለውም።

ታዲያ በምን ይለያል? ትልልቅ ላቦራቶሪዎች በውድ መሣሪያ ይለዩታል፤ ውጤቱ ግን ቀናት ይወስዳል። ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ በደቂቃዎች ውስጥ ለማወቅ የሚያስችለው በአንቲቦዲ የሚሠራው ወረቀት ነው። አንቲቦዲ ማለት ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያዘጋጀው፣ ጠላቱን ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። አሜሪካውያኑ ሮዛሊን ያሎና ሰሎሞን በርሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን ጠባዩን ተጠቅመው በደም ውስጥ ያለ ኢንሱሊንን ለመለካት ቻሉ፤ ያሎ በ1977 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ለውሃ ሲሆን ግን አንድ ችግር ነበረ። በበቆሎ እርሻ የሚረጨው አትራዚን፣ ለምሳሌ፣ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የእንስሳ ሰውነት እንደ ጠላት አይቆጥረውም። ስለዚህ ከትልቅ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው ጥንቸል ይወጉበታል፤ ያን ጊዜ ጥንቸሏ አንቲቦዲ ታዘጋጃለች። እንዲህ የተሠራ ወረቀት በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 3 ማይክሮግራም አትራዚን ይለያል፤ ይህም አንድ ግራም ለሚሊዮን ተከፍሎ ሦስቱ እጅ ማለት ነው። አሜሪካ ለመጠጥ ውሃ የፈቀደችው ከፍተኛ መጠንም ይኸው ነው።

ውጤቱን ስናነብ እንጠንቀቅ። በክሊኒክ ለወባ የተመረመረ ሰው ሁለት መስመር ሲወጣ «ወባ አለብህ» እንደሚባል ያውቃል። የውሃው ተገላቢጦሽ ነው። በወረቀቱ ላይ መርዙ ራሱ አስቀድሞ በመስመር ተቀብቷል። ውሃው ከመርዙ ነፃ ከሆነ ቀለም የያዘው አንቲቦዲ እዚያ ደርሶ ይጣበቅና መስመሩ ይታያል። መርዝ ካለበት ግን አንቲቦዲው በመንገድ ስለሚያዝ መስመሩ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ሁለተኛው መስመር ወረቀቱ መሥራቱን የሚያሳይ ብቻ ነው፤ እሱ ካልወጣ ምርመራው አይቆጠርም።

ደግሞም ወረቀቱ የሚያውቀው የተሠራለትን መርዝና የቅርብ ዘመዶቹን ብቻ ነው። የአትራዚን ወረቀት «ንጹሕ» ቢል፣ ስለ ሌላ ፀረ-ተባይም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ስለሚገኘው ጥርስ አበላሺ ፍሎራይድ ምንም አልተናገረም።

ምርመራ የማያሻው ነገርም አለ፦ የፀረ-ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን። ፕላስቲኩ መርዙን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይመለሳል። ለውሃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አይሁን። ስንጥለውም ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይቀዳበት አስቀድመን እንብሳው።