«እንደ» ባለበት ሁሉ ተነጻጻሪ ዘይቤ አለ?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ግጥም ስተነትን ተነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤ ይምታቱብኛል። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ሁለቱም አንዱን ነገር በሌላው ስለሚገልጹ ቢምታቱብዎት አያስገርምም። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ»ን በመሰሉ ቃላት ያወዳድራል፤ «ወታደሩ እንደ አንበሳ ደፋር ነው» ሲባል ማለት ነው። ተለዋጭ ዘይቤ ማወዳደሪያውን ትቶ «ወታደሩ አንበሳ ነው» ይላል።

ይሁንና «እንደ»ን ብቻ አይመኑ። «ቤት እንደ ደረሰ ተኛ» ጊዜን እንጂ ንጽጽርን አይናገርም፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስንኙን ሲያነቡ አስቀድመው ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ይጠይቁ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ካላገኙ ተነጻጻሪ ዘይቤ የለም።

የዘይቤ ስያሜዎች ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ከፈተና በፊት የአማርኛ መምህርዎን ያማክሩ።