ሻንጣው ውስጥ የእናንተስ የቱ ነው?

ከሪያድ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ሻንጣ ሲያስር ያየ ያውቀዋል። ለእናት ብርድ ልብስ፣ ለአባት ሰዓት፣ ለታናሽ ወንድም ስልክ፣ ለጎረቤት ሽቶ፣ ስሙ ለተዘነጋው የአክስት ልጅ ደግሞ “ለማንኛውም” ተብሎ የተያዘ ቲሸርት። ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎው ያልፋል። ያኔ የሚቀነሰው የማን ዕቃ ነው? የባለሻንጣው! ዓመታት የለፋበትን ከተማ የሚያስታውሰው አንድ ነገር ሳይዝ ቦሌ ይወርዳል።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ይህ ልማድ ይቅር! ያ ሁሉ ዘመን የእናንተ ዕድሜ ነው፤ ማስታወሻው ይገባችኋል። ለቤተሰብ መስጠቱን ቀጥሉ፣ ግን አንዲት ነገር ለራሳችሁ ያዙ። ውድ መሆን የለባትም። የኪንግደም ሴንተር ሥዕል ያለበት ማግኔትም አትሁን፤ 302 ሜትር የሚረዝመው ሕንፃ የፍሪጅ በር ላይ ሲለጠፍ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም።

የት ትገኛለች? መንፉሓ ወይም በጥሓ ለሚኖር ሐበሻ ሩቅ አይደለም። አሮጌው የሪያድ ገበያ፣ ሱቅ አል-ዘል፣ ከመስማክ ምሽግ አጠገብ ነው። የሪያድ ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በ4 ሪያል ቲኬት ቀስር አል-ሑክም ጣቢያ ወርዶ በእግር መድረስ ይቻላል። በነገራችን ላይ መስማክ ራሱ ማስታወሻ ያዥ ነው። ንጉሥ አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በጥር 1902 ምሽጉን ሲይዙ በሩ ላይ ተሰክቶ ቀረ የሚባለውን የጦር ጫፍ እስከ ዛሬ ለጎብኚ ያሳያል። ምሽጉ አንድም ሪያል አልከፈለበትም!

ገበያው ውስጥ ከፊት የተደረደረው ምንጣፍና የዑድ ሽቶ ኪስ ይፈትናል። እለፉት። አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጡት ዝለቁ፤ የጠቆረ የቡና ጀበና፣ የተሰነጠቀ ሬዲዮ፣ ቁልፉ የጠፋ ሣጥን፣ ከስብስቡ ተነጥላ የቀረች ፍንጃል። እኔ ብሆን ዓይኔ ፍንጃሏ ላይ ያርፋል። እጀታ የላትም፣ መዳፍ ውስጥ ትጠፋለች፣ ጓደኞቿ ስለሌሉ ዋጋዋም ዝቅ ይላል። “አኺር ከላም?” (የመጨረሻ ዋጋው ስንት ነው?) በሉ፣ ፈገግ በሉ፣ ትንሽ ራመድ በሉ። ሻጩ ይጠራችኋል።

ይህች ፍንጃል አገር ቤት ስትገባ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? ታስወራለች! በእኛ ቤት ሲኒ እስከ አፉ ሞልቶ ካልተቀዳ እንግዳው ቅር ይለዋል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለም ይቀጥላል። ሪያድ ላይ ሄል የገባበት ፈዘዝ ያለ ቡና ከሥሩ ብቻ ይቀዳል። በልማዱ ሞልቶ መቅዳት እንግዳን “በል እንግዲህ ሂድ” እንደማለት ነው። የበቃው ሰው ፍንጃሉን በጣቱ ይዞ ነቅነቅ ያደርጋል፤ ካላነቃነቀ ይቀዳለታል። ይህን ልማድ ስንት ሺህ ጊዜ አይታችሁታል! እናንተ ለምዳችሁት ተራ ነገር ሆኗል፤ ደሴ ወይም ጎንደር ላይ ለሚሰማችሁ ሰው ግን አዲስ ዓለም ነው። ማስታወሻ ስትመርጡ ከሥሯ ወሬ ያላትን ዕቃ ምረጡ የምለው ለዚህ ነው።

ጨርቅ የሚወድ ሳዱን ይፈልግ፤ የበዱ ሴቶች ከበግ፣ ከፍየልና ከግመል ፀጉር የሚሸምኑት ባለ ቀይ ጥለት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2020 መዝግቦታል። ትልቁ ይወደዳል፣ ከቁራጩ የተሠራች የቁልፍ ማንጠልጠያ ግን አትጎዳም። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጧት፤ ጥለቱ ከኋላዋ ከደበዘዘ የታተመ ነው። “የጥንት ነው” እያለ የሚያባብላችሁን ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በሳዑዲም በእኛም አገር ሕግ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም።

“እኔ ከቤት የምወጣበት ቀን የለኝም” የምትል በሰው ቤት የምትሠራ እህት እንዳለች አውቃለሁ። አንቺማ ሀብታም ነሽ! የሳዑዲዎቹ የሩዝ ምግብ ከብሳ ውስጥ የሚገባውን ጥቁር የደረቀ ሎሚ ታውቂዋለሽ አይደል? ክብደት የለውም፣ ሽታው ግን ያንን ወጥ ቤት እንዳለ ይዞ ይመጣል። በሰፈሩ ሱቅ፣ በበቃላው፣ ከሚሸጠው ጥቂት ፍሬ አስገዢ። ደግሞ ደብተር አውጪና የከብሳውን አሠራር በራስሽ አማርኛ ጻፊ፤ ሩዙ መቼ እንደሚገባ፣ እመቤቲቱ የትኛውን ቅመም እንደምታበዛ። ጉምሩክ የማይጠይቅሽ፣ ኪሎ የማይቆጥር ማስታወሻ ነው፤ አገር ቤት ምግብ ቤት ልክፈት ብትዪም ይዘሽው የምትነሺው ሙያ ነው።

ምንም ያላገኘ የ1 ሪያል ሳንቲም አለው፤ ወረቀቱን ተክቶ የመጣው ባለ ሁለት ቀለሙ። 

አንድ ሥራ ይቀራል። የገዛችሁበትን ቀንና ሰፈር፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ስም በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አኑሩ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሳችሁም ትረሱታላችሁ። ፍንጃሏን በካልሲ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዟት። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከገባች ግን በሰላም ለመድረሷ እኔ ዋስ አልሆንም።