የወንዝ ዳርና የረግረግ ጥበቃ በካምፓላ

ምንባብ

የዩጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ የተቆረቆረችው በኮረብታዎች ላይ ነው። ሜንጎ፣ ሩባጋ፣ ናሚሬምቤና ማኬሬሬ ከእነዚህ ኮረብታዎች መካከል ናቸው። በግርጌያቸው ያሉት ሸለቆዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የውኃ ማረፊያ ናቸው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከየኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ በሸለቆው ውስጥ ያለው ረግረግ ይቀበለዋል። በረግረጉ የሚበቅለው ዋነኛ ተክል ደንገል ነው፤ ይኸውም የጣና ሐይቅ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው።

ደንገል ላየው ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ሆኖም ግንዱና እርስ በርሱ የተሳሰረው ሥሩ የጎርፉን ፍጥነት ይገታሉ። ውኃው ረጋ ሲል ተሸክሞት የመጣው ደለል ይዘቅጣል፤ በፍሳሹ ውስጥ ያሉትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ተክሉ ለምግቡ ይስባቸዋል። በወንዝ ዳር የሚበቅሉት ሣርና ዛፎችም ዳርቻው እንዳይሸረሸር አፈሩን አጥብቀው ይይዛሉ።

ይህ ጥቅም በናኪቩቦ ጅረት ላይ ጎልቶ ይታያል። ጅረቱ የከተማይቱን ፍሳሽ ተሸክሞ በረግረግ ውስጥ ካለፈ በኋላ መርቺሰን ወደሚባለው የቪክቶሪያ ሐይቅ ሰላጤ ይገባል። ከዚሁ ሰላጤ ደግሞ ጋባ ላይ ለከተማው ሕዝብ የሚጠጣ ውኃ ይቀዳል። ስለዚህ ረግረጉ በፍሳሹና በመጠጥ ውኃው መካከል የተዘረጋ ወንፊት ነው። ዳሩ ግን ደንገሉ እየተመነጠረ ጎደሬና ሸንኮራ አገዳ ተተከለበት፤ ቦይ ተቆፈረበት፤ ቤትና ፋብሪካም ተሠራበት። ወንፊቱ በተቀደደ መጠን የሰላጤው ውኃ እየቆሸሸ ሄደ፤ የማጣራቱም ሥራ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የጸደቀው የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት፣ መንግሥት ሐይቆችን፣ ወንዞችንና ረግረጎችን ለሕዝብ በአደራ ይዞ እንዲጠብቅ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ አደራውን በሜትር ለካው። ውኃው ሲሞላ ከሚደርስበት ከፍተኛ ምልክት ጀምሮ፣ እንደ ነጭ ዓባይና ካጌራ ባሉ በስም በተዘረዘሩ ወንዞች ዳር 100 ሜትር፣ በሌሎቹ ወንዞች ዳር 30 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ጥብቅ ክልል ሆነ። በታላላቅ ሐይቆች ዳር ክልሉ 200 ሜትር ይደርሳል። ደንቡ ድኻውን ከረግረጉ ጨርሶ አላራቀውም፤ ለቤት የሚሆን ውኃ መቅዳት፣ ደንገል ማጨድና በቅርጫት ዓሣ ማጥመድ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ የቆዩ ልማዶች መሆናቸውን ተቀብሏል።

ይሁን እንጂ ደንብ መውጣቱ ብቻውን ረግረጉን አላዳነውም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ ዛሬ ጥቂት አፈር ይደለደላል፤ ነገ አንዲት ጎጆ ትቀለሳለች፤ ከዓመታት በኋላ መንደር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በካምፓላ ሰሜን ምዕራብ ባለው በሉቢጊ ረግረግ የተሠሩ ቤቶችን አፈረሰ። ባለሥልጣኑ ሕግን ማስከበሩ መሆኑን ገለጸ፤ ለብዙ ዓመታት የኖሩበትን ቤት ያጡ ነዋሪዎች ግን መግቢያ በማጣት አለቀሱ። የመጀመሪያው ጎጆ ሲቀለስ ዝም ያለ ደንብ፣ መንደሩ ካደገ በኋላ ሲነሣ ጉዳቱ ይበዛል። የረግረግና የወንዝ ዳር ጥበቃ በጊዜው ሲሆን ውኃውንም ሰውንም ያድናል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለውም ለዚሁ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ተናገሩ።
1. ይዘቅጣል
2. ሰላጤ
3. ተመነጠረ
4. ጥብቅ ክልል

ለ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. ረግረጉ በወንፊት የተመሰለው ለምንድን ነው?
2. ደንቡ ያለ ፈቃድ እንዲሠሩ የተቀበላቸው ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?
3. «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከሉቢጊ ሁኔታ ጋር እንዴት ይዛመዳል?

ሐ. በምሳሌው መሠረት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።
ምሳሌ፦ ደንገሉ ባይመነጠር ኖሮ ውኃው ባልቆሸሸ ነበር።