የደንበኛ ስምና ስልክ የማን ሀብት ነው?

አንድ የቤት ደላላ ተከራይና አከራይን ሲያገናኝ ከተከራዩ የመታወቂያ ቅጂ፣ ስልክ ቁጥርና የመሥሪያ ቤት አድራሻ ይቀበላል እንበል፡፡ ውሉ ተፈርሞ ኮሚሽኑ ከተከፈለ በኋላም ዝርዝሩ በደላላው እጅ ይቀራል፡፡ ከወራት በኋላ አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ «የደንበኞችህን ስልክ ሽጥልኝ» ቢለው ሊሸጥለት ይችላል?

በገበያ ልማድ ዝርዝሩ የሰበሰበው ሰው ሀብት ተደርጎ ሊታይ ይችላል፡፡ ሕጉ ግን እንዲህ አይልም፡፡ የግል ሕይወት የመከበር መብት በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የተደነገገ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ የሚይዝ ሰው ያለበትን ግዴታ በዝርዝር አስቀምጧል፡፡ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡

የግል መረጃ የሚባለው የአንድን ሰው ማንነት ለይቶ የሚያሳውቅ ማንኛውም ነገር ነው፡፡ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፎቶግራፍ በዚህ ውስጥ ይገባሉ፡፡ የጤና ሁኔታን፣ ሃይማኖትንና ብሔርን የመሰለ መረጃ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፡፡

ለነጋዴው ዋናው መርህ አንድ ነው፤ መረጃ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ይውላል፡፡ ተከራዩ መታወቂያውን የሰጠው ቤት ለመከራየት እንጂ የሶፋ ማስታወቂያ እንዲደርሰው አይደለም፡፡ ስለዚህ ደላላው ያለ ተከራዩ ፈቃድ ዝርዝሩን ቢሸጥ ተጠያቂ ይሆናል፡፡ ተከራዩ ፈቃድ ሰጥቶ ከነበረም በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ሊያነሳው ይችላል፡፡

ይህ ማለት ግን ነጋዴው ለእያንዳንዱ ነገር ፈቃድ ይለምናል ማለት አይደለም፡፡ ውል ለመፈጸም ወይም የሕግ ግዴታን ለመወጣት የሚያስፈልግ መረጃ ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ሊያዝ ይችላል፡፡ ለምሳሌ አንድ ደንበኛ «ስሜን ከመዝገብህ ሰርዝ» ቢል፣ ነጋዴው ለግብር ሊያስቀምጠው የሚገባውን ደረሰኝ መቅደድ የለበትም፡፡ ከማስታወቂያ ዝርዝሩ ግን ሊያወጣው ይገባል፡፡

ደንበኛው ስለ ራሱ ምን እንደተያዘ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረምና ያለ በቂ ምክንያት የተያዘውን የማሰረዝ መብት አለው፡፡

መረጃውን የያዘው ሰው ጠባቂም ነው፡፡ የደንበኞች ዝርዝር ያለበት ኮምፒውተር ቢሰረቅ ወይም መረጃው ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ቢገባ፣ ሁኔታውን በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይጠበቅበታል፡፡ «ለፖሊስ አመልክቻለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፡፡

እንግዲህ ነጋዴውም ሆነ ደላላው መዝገቡን ከፍቶ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፦ ይህን መረጃ ለምን ያዝኩ? እስከ መቼ ያስፈልገኛል? ማን ያየዋል? መልስ ያልተገኘለት ቅጂ ገቢ ሳያስገኝ ዕዳ ብቻ የሚያመጣ ነውና በጊዜ ማስወገዱ ይሻላል፡፡