ስሙና ሥራው በቻይና

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ «ቻይና ሶሻሊስት ናት ወይስ ካፒታሊስት?» የሚለውን የዘወትር ክርክራችንን ከስሟ ሳይሆን ከሥራዋ ብንጀምረው ይሻላል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1958 የገበሬው መሬት በኮሚዩን ተጠቃለለ፤ ተከትሎም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። በ1978 መጨረሻ በአንሁይ ክፍለ ሀገር፣ በሺያውጋንግ መንደር፣ 18 ገበሬዎች መሬቱን በየቤተሰቡ ተካፍለው ሊያርሱ በምሥጢር ተፈራረሙ። ለመንግሥት የሚገባውን ካስገቡ በኋላ የተረፈው የራሳቸው ሊሆን ነው። የመንደሩ ምርት በረከተ፤ በ1982ም ፓርቲው የዚህን ዓይነቱን አሠራር አጸደቀ። በ1980 ሸንዠን ለውጭ ካፒታል ተከፍታ ነበር። በ1992 ፓርቲው ይህን ሁሉ «የሶሻሊስት ገበያ ኢኮኖሚ» አለው፤ በ2002 ደንቡን አሻሽሎ ለባለ ኩባንያዎች የአባልነት በር ከፈተ።

እንግዲህ ሥራው ቀደመ፤ ስሙ ተከተለ። ሆኖም ቃሉ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። መሬት ዛሬም የመንግሥት ወይም የገበሬዎች የጋራ ሀብት ነው፤ ታላላቆቹ ባንኮች በመንግሥት እጅ ናቸው፤ ሥልጣንም የአንድ ፓርቲ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ከባዱ ጥያቄ በ2018 የሆነው ነው። በሸንዠን የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም የሞከሩ ሠራተኞች ታሰሩ፤ ማርክስን አንብበው ሊደግፏቸው የሄዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ተያዙ። በክፍል የተማሩትን በሥራ መፈጸም የሚያስይዝ ከሆነ፣ የትምህርቱ ባለቤት ማን ነው? በሚቀጥለው ስብሰባችን የምንወያየው በዚህ ላይ ይሁን።