ሰጋቱራና ሳንባ፦ በግቢው ውስጥ ለሚሠራ አናጺ የብናኝ መሳቢያ ዕቃዎች አመራረጥ

በካኩማ ካምፕ አልጋ፣ ወንበር፣ በርና ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያከናውነው እዚያው በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ቀን መጋዝ የሚጮህበት ጥግ ማታ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ስለሆነም የእንጨት ብናኝ ነገር የአናጺው ብቻ ሳይሆን የመላው ቤተሰብ የጤና ጉዳይ ነው። ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመው የብናኝ መሳቢያ ለመግዛት የሚያስቡ ባለሙያዎች ከሞተሩ ይልቅ ስለ ቱቦው፣ ስለ አፉና ስለ ማጣሪያው አስቀድመው ቢያስቡ ገንዘባቸውም ሳንባቸውም ይተርፋል። የዚህ እትም ትምህርትም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

የማይታየው ብናኝ

ከመጋዝ ሥር የሚከመረው ሰጋቱራ ዓይን ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፤ ነገር ግን ከባድ ስለሆነ ወዲያው መሬት ይወርዳል፤ ወደ አፍንጫ የገባውም እዚያው ተይዞ ይቀራል። የሚያሰጋው ደቃቁ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ሲሆን (አንድ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፣ ወደ አየር ቧንቧና ወደ ሳንባ የሚዘልቀው ብናኝ ግን ከ10 ማይክሮን በታች ነው። ይህን በዓይን ለይቶ ማየት አይቻልም። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ሲገባ በጨረሩ ውስጥ ሲዋልል የሚያዩት ጭጋግ የእርሱ ምልክት ነው። መጋዙ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት በአየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ደቃቁን ብናኝ በብዛት የሚያወጣው ደግሞ መጋዝ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ በተለይም በማሽን ሲሆን።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ወንበር በመሥራት በታወቀችው በሃይ ዋይከም ከተማና በአካባቢዋ ሐኪሞች በሌላው ሕዝብ ላይ እምብዛም የማይታይ የአፍንጫ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ በዝቶ አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር መደበው። ይህ ካንሰር ለብዙ ዓመታት ብናኝ ከሳቡ በኋላ የሚመጣና በቁጥርም ጥቂት ስለሆነ ማንም ሰው በድንጋጤ ሥራውን እንዲተው አንመክርም። ይበልጥ የሚያጋጥመው አስም፣ የማይለቅ ጉንፋን መሰል የአፍንጫ መታፈን፣ የቆዳ ማሳከክና የዓይን መቅላት ነው።

እንጨት ሁሉ እኩል አይደለም። በኬንያ ምቩሌ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ቆዳንና የአየር ቧንቧን በማስቆጣት የታወቀ ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ በውስጣቸው ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሙጫ ስለሚገባ ብናኛቸው ከተራ እንጨት ብናኝ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጭነት መደርደሪያ ፓሌት የሚፈታውን እንጨት የሚጠቀሙ ደግሞ ማህተሙን ይመልከቱ። «ኤችቲ» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለበት በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤምቢ» የሚል ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት ዕቃ አይምረጡት።

አፉ ከሞተሩ ይቀድማል

ሻጭ ማሽኑን ሲያስተዋውቅ ስለ ሞተሩ ጉልበት ይነግርዎታል። እርስዎ ግን የቱቦው አፍ ከመጋዙ ምን ያህል ሊቀርብ እንደሚችል ይጠይቁ። ኩራዝ በእፍታ ከክንድ ርቀት ይጠፋል፤ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ግን ከንፈርን አስጠግተውም ቢሆን ማጥፋት ያዳግታል። መሳቢያ ማሽንም እንዲሁ ነው። የቱቦው አፍ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከአፉ 10 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ያለው የአየር ፍጥነት አፉ ላይ ካለው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። ክንድ ያህል ርቆ የተቀመጠ ኃይለኛ ማሽን ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ ከምላጩ ሥር የተገጠመ ትንሽ ማሽን የሚሰጠው ይበልጣል።

በመሆኑም የመጀመሪያው ግዢ መጋዝዎ ወይም ማለስለሻዎ ላይ በትክክል የሚገጥም አፍ መሆን አለበት። አብዛኞቹ የእጅ ማለስለሻ ማሽኖች ከኋላቸው የብናኝ መውጫ ቀዳዳ አላቸው፤ ችግሩ የቱቦው ስፋትና የቀዳዳው ስፋት አለመግጠሙ ነው። ወደ ገበያ ሲሄዱ ማሽኑን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ካልሆነም የቀዳዳውን የውስጥና የውጭ ስፋት በሚሊሜትር ለክተው ይጻፉ፤ በዓይን ግምት የተገዛ ማገናኛ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ዕቃ ነው። የሚገጥም ከታጣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት በሁለቱ ላይ ተጎትቶ ሲታሰር አየር የማያሳልፍ ጥሩ ማገናኛ ይሆናል። የማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀትም ቀዳዳ ያለው፣ ቀዳዳውም ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር የተገጣጠመ ካልሆነ ቱቦው የሚስበው ነገር አያገኝም።

በጠረጴዛ ላይ ለቆመ ክብ መጋዝ ብናኙ ከላይም ከታችም ይወጣል። ከታች ያለውን በኮምፔንሳቶ ሣጥን ዘግቶ አንድ የቱቦ ቀዳዳ መተው በእጅ የሚሠራ ነገር ነው። ሞተሩ ማቀዝቀዣ አየር እንዳያጣ ግን አይዘጋበት።

ቱቦን በተመለከተ ሁለት ነገር ይበቃል። ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ አየር የሚያልፍበት ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለፒያላና ለጠረጴዛ መጋዝ፣ ብዙ ቅርፊት ስለሚወጣ፣ እስከ 10 ሳንቲሜትር የሚደርስ ሰፊ ቱቦና ብዙ አየር የሚስብ ማሽን ያስፈልጋል፤ ለእጅ ማለስለሻ ግን የቫኪዩሙ ቀጭን ቱቦ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ቱቦው ያጠረና ውስጡ የለሰለሰ ይሁን። እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ረጅም ቱቦ መሬት ላይ ተጠምዞ ሲታይ ግማሹ ጉልበት እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለ ባልዲው

ባለሙያዎች ከቫኪዩሙ በፊት ክዳኑ ግጥም የሚል የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ ሲያስገቡ እናያለን። መልካም ዘዴ ነው። የሚገባው ቱቦ ከባልዲው ጎን ተጠግቶ አየሩ እንዲሽከረከር ይደረጋል፤ ወደ ቫኪዩሙ የሚወጣው ደግሞ ከክዳኑ መሐል ነው። በሽክርክሪቱ ከባዱ ሰጋቱራ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል፤ ማጣሪያውም ቶሎ አይደፈንም። ስስ ጀሪካን ግን አይጠቀሙ፤ ቱቦው ድንገት ሲዘጋ በመሳቡ ኃይል ይጨማደዳል። ባልዲው የሚያድነው ማጣሪያውንና ኪስዎን ነው። ደቃቁ ብናኝ ባልዲውን አልፎ ስለሚሄድ ሳንባዎን የሚያድነው ከባልዲው በኋላ ያለው ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያ ሲገዙ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 30 ማይክሮን የሚል ከረጢት ሰጋቱራውን ይዞ ደቃቁን ወደ ክፍሉ መልሶ ይነፋዋል፤ ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ስለሚታይ ደግሞ ሰው ይዘናጋል። እንዲህ ያለውን ማሽን በተዘጋ ክፍል ከመጠቀም ባይኖር ይሻላል እስከማለት እንደርሳለን። 1 ማይክሮን የሚል ከረጢት ወይም ሄፓ የተባለው ማጣሪያ ያለበት ቫኪዩም ይምረጡ። የማሽኑን መውጫ በቱቦ ወደ ውጭ ማውጣትም ይቻላል፤ ሆኖም ነፋሱ ወደ ጎረቤት ማድ ቤት ወይም ልጆች ወደሚጫወቱበት እንዳይወስደው አስቀድመው ከጎረቤት ጋር ይነጋገሩ።

ማሽኑን ከመግዛትዎ በፊት የመብራቱንም አቅም ያስሉ። 1200 ዋት መጋዝና 1000 ዋት ቫኪዩም አብረው ሲሠሩ 2200 ዋት ነው፤ ሞተር ሲነሣ ደግሞ ከዚህ በላይ ይጎትታል። 2000 ዋት ጄኔሬተር አይችላቸውም።

የብየዳና የብረት መሞረጃ ሥራ በአጠገብዎ ካለ በዚያው ቫኪዩም የብረት ፍንጣሪ በፍጹም አይሳቡ። በደረቅ ሰጋቱራ የተሞላ ከረጢት ውስጥ የገባች አንዲት ፍንጣሪ ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ ልትነድ ትችላለች።

መብራትና ማሽን ለሌለው

ይህ ሁሉ ለማን ነው የሚል አይጠፋም። በእጅ መጋዝና በእጅ መላጊያ የሚሠራ ሰው የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ በማሽን ከሚሠራው በጣም ያነሰ ስለሆነ ዕድለኛ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ማለስለሱን ብቻ ከክፍል አውጥቶ ጥላ ሥር ያድርገው። ነፋሱ ከጎንዎ እንዲመጣ ሆነው ይቁሙ። ነፋስን ከጀርባ ማድረግ ትክክል ቢመስልም አየሩ በሰውነትዎ ዙሪያ ዞሮ ከፊትዎ ስለሚሽከረከር ብናኙን ወደ አፍንጫዎ ያመጣዋል። ወለል ሲጠርጉ ውኃ ረጭ ያድርጉ ወይም እርጥብ ጨርቅ ይጠቀሙ፤ በአየር መንፊያ ልብስንና ጠረጴዛን ማራገፍ የወረደውን ብናኝ ሁሉ እንደገና ማስነሣት ነው። ሕፃን ከማቀፍዎ በፊት የሥራ ልብስዎን ውጭ ያውልቁ።

ጭምብልን በተመለከተ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ በአፍንጫ ላይ መጠቅለል ሰጋቱራን እንጂ ደቃቁን አይከለክልም። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ጊዜ የለመድነው ሰማያዊው የሐኪም ጭምብልም በጎንና በጎን ክፍት ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም። «ኤን 95» ወይም «ኤፍኤፍፒ 2» የሚል ጽሑፍ ያለበትን፣ ሁለት ማሰሪያ ያለውን ይፈልጉ። አድርገው ሲተነፍሱ አየር በዓይንዎ ሥር ከወጣ አልገጠመም። ጢም ላይ ጭምብል አይገጥምም። በእምነታቸው ምክንያት ጢም የሚያሳድጉ ወንድሞች ይልቁንም በመሳቢያውና በውጭ በመሥራቱ ላይ ይበርቱ። ማሽን ያለውም ቢሆን ከረጢቱን ሲያራግፍ ጭምብሉን ያድርግ፤ በቀኑ ውስጥ ከፍተኛው ብናኝ የሚነሣው በዚያች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊሆን ይችላልና። ልጆችን ከረጢት እንዲያራግፉ አይላኩ።

ሳል ሲመጣ

ለበጎ ፈቃደኞች በተለይ ይህን እናሳስባለን። አናጺ ሲያስል «የእንጨት ነው» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ከብናኝ የሚመጣ የአስም ሳል ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን ማታ ይብሳል፣ ደረት ያፍናል፣ ያፏጫል፤ ሥራ በሌለባቸው ቀናት ቀለል ይላል። ስለዚህ ቤት ለቤት ስትዞሩ «የምታርፍበት ቀን ይሻልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያልብ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ደም የተቀላቀለበት አክታ ካለ፣ ሰውየው አናጺ ሆነ አልሆነ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። ከአንድ አፍንጫ ብቻ በተደጋጋሚ የሚፈስ ደም ወይም የማይከፈት መታፈንም ለሐኪም የሚታይ ነገር ነው። ታማሚው ክሊኒክ ሲገባ ምን ዓይነት እንጨት፣ በምን ማሽን፣ ለስንት ዓመት እንደሠራ ይናገር፤ ሐኪሙ ካልጠየቀውም እንኳ።